ከሊፖሰክሽን በኋላ የሚሰጠው ዝቅተኛ ኃይል ሌዘር፦ ጉዳዩ የመጠን ነው

ስብ በቱቦ ተመጥጦ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና፣ በተለምዶ ሊፖሰክሽን የሚባለው፣ በሰዓታት ያልቃል። እብጠቱ፣ መበለዙና የቆዳው መደንዘዝ ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ የመጨረሻው ቅርጽ ተለይቶ እስኪታይ ደግሞ 6 ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ጊዜ ለማቅለል ከሚቀርቡት ተጨማሪ ሕክምናዎች አንዱ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ነው። ታካሚው ይተኛል፣ ቀይ ብርሃን የሚረጭ መሣሪያ ከሆዱ ወይም ከጭኑ በላይ ይደረጋል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። አያምም፣ እምብዛም አያሞቅም፣ ምልክት አይተውም።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ምንም የማይሰማ ሕክምና በትክክል መሰጠት አለመሰጠቱን ታካሚው በራሱ ሊለይ አይችልም። አንዱ ክሊኒክ ሕዋስን የሚያነቃቃ መጠን ይሰጥ ይሆናል፤ ሌላው የዚያን መቶኛ እጅ ብቻ ሰጥቶ ይሸኛል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ቀይ መብራት ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ ስንት ጁል ጉልበት ያርፋል የሚለው ነው። የሌላው ሁሉ መልስ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሁለት ሌዘሮች፣ አንድ ስም

በዚህ ቀዶ ሕክምና ዙሪያ «ሌዘር» የሚለው ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች መጠሪያ ሆኗል። አንደኛው ስብ የሚያቀልጠው ነው። ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ይገባና በብዙ ዋት ኃይል ስቡን ያሞቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የፈቀደው ባለ 1064 ናኖ ሜትር መሣሪያ ከዚህ ወገን ነው። ይህ የቀዶው አካል ነው፤ ካልተጠነቀቁበትም ከውስጥ ያቃጥላል።

ሌላው፣ እዚህ የምናየው፣ ቆዳ ሳይበሳ ከውጭ የሚበራው ነው። ኃይሉ የሚለካው በሚሊ ዋት ነው። ስብ አያቀልጥም፤ ሥራው ሕዋሱ ውጦ በሚያስቀረው ብርሃን የኬሚካል ለውጥ ማስነሳት ነው። የሞገድ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ630 እስከ 670 ናኖ ሜትር (ቀይ) ወይም ከ800 እስከ 910 ናኖ ሜትር (ለዓይን የማይታይ፣ ከቀይ በታች ያለ ጨረር) ነው። ከሌዘር ሌላ የኤልኢዲ አምፖልም ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠራ ባለሙያዎች አሁን «ፎቶባዮሞዱሌሽን» የሚለውን ስም ይመርጣሉ። ክሊኒኩ «በሌዘር የታገዘ» ሲል ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ፤ አደጋቸውም ጥቅማቸውም አንድ አይደለምና።

ብርሃኑ ሕዋስ ውስጥ የሚያደርገው

ነገሩ የተጀመረው ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ኤንድሬ ሜስተር እ.ኤ.አ. በ1967 ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት ጸጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ የሩቢ ሌዘር አበራ። ካንሰር አልመጣም። ይልቁንም ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ጸጉር ካላረፈባቸው ቀድሞ በቀለ። ሜስተር ከዚያ በኋላ ብርሃኑን አልድን ባሉ ቁስሎች ላይ ወደ መሞከር ተሻገረ።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ማብራሪያ ሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ ክፍል) ውስጥ ባለው ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ላይ ያተኩራል። ይህ ኢንዛይም ሕዋሱ ኦክስጅንን ተጠቅሞ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ስንቁን ሲያዘጋጅ የመጨረሻውን እርምጃ የሚያካሂድ ነው። በተጎዳ ሕዋስ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ እዚያው ላይ ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል። ቀይ ብርሃን ይህን ጋዝ ያላቅቀዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ያኔ የኤቲፒ ምርት ይጨምራል፣ የተለቀቀው ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያሰፋል። ለአጭር ጊዜ የሚነሱ የኦክስጅን ውህዶችም ሕዋሱን ወደ ጥገና የሚመሩ መልእክቶችን ያስነሳሉ።

ይህ ለሊፖሰክሽን ምን ይፈይዳል? ከውጭ የሚታየው ቁስል ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ከሥር ግን ቱቦው ደጋግሞ የተመላለሰባቸው ብዙ መሿለኪያዎች ይቀራሉ። በየመሿለኪያው ጥቃቅን የደም ሥሮችና ሊምፍ (ከሕብረ ሕዋስ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ) የሚሄድባቸው ቧንቧዎች ተበጥሰዋል፤ ከተረፈው የማደንዘዣ ፈሳሽ ጋር ደምና ሊምፍ ይጠራቀማሉ። ብግነቱን ማብረድ፣ የደም ሥሮቹን ማስፋትና የሊምፉን ፍሰት ማገዝ ትርጉም ያለው እገዛ ነው፤ ብርሃኑ እቦታው ከደረሰ።

እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮ ወሰን ያበጀችው። ቆዳና ስብ ብርሃንን ይበትናሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው ከላይ ካረፈው ጥቂት በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የሆድ ስብ ደግሞ ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑ በቂ ሆኖ የሚያገኘው ቆዳውን፣ ከቆዳው ቀጥሎ ያለውን የስብ ንብርብርና እዚያ የተዘረጋውን የጥቃቅን ሥሮች መረብ ነው። ከእርሱ መጠበቅ የሚገባውም ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ነው፦ የላይኛው ሕመም መቅለል፣ የቆዳው መወጠር መርገብ፣ ምናልባትም መበለዙ ትንሽ ቀድሞ መጥፋት። ከጡንቻ አጠገብ ያለውን ጥልቅ ጉዳት አድናለሁ የሚል ማስታወቂያ ፊዚክሱ አይደግፈውም።

የመጠን ሒሳብ

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊሠራው ይችላል። የመሣሪያው ኃይል በዋት፣ የበራበት ጊዜ በሰከንድ ተባዝቶ ጉልበቱን በጁል ይሰጣል። ይህ ብርሃኑ ላረፈበት ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲካፈል መጠኑ ይገኛል። ለላይኛው ሕብረ ሕዋስ በብዛት የሚሠራበት መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1 እስከ 10 ጁል ባለው ክልል ውስጥ ነው።

100 ሚሊ ዋት የሚያመነጭ፣ ብርሃኑም 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፍ መሣሪያ እንውሰድ። 4 ጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር ለመስጠት 40 ሰከንድ ይበቃዋል። ኃይሉ ሳይቀየር ብርሃኑ 0.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰበሰብ ግን በዚያው 40 ሰከንድ መጠኑ 40 ጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኃይሉ አንድ፣ ጊዜው አንድ፤ መጠኑ 10 እጥፍ። «ባለ 100 ሚሊ ዋት ሌዘር ነው» የሚል መረጃ ብቻውን ምንም የማይነግረን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። የፊት ሆድ 30 በ25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ባለ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሣሪያ ይዘን በየነጥቡ 40 ሰከንድ ብንቆይ 30,000 ሰከንድ ያስፈልገናል፤ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት ነው። ማንም ይህን አያደርግም። ባለሙያው በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ነጥብ ነክቶ ካለፈ ደግሞ አብዛኛው ቆዳ ብርሃን ሳያገኝ ይቀራል። በአንጻሩ ሆዱን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ ዋት የሚያሳርፍ ሰፊ ሰሌዳ ያንኑ 4 ጁል በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሰጣል። ለሊፖሰክሽን ሰፊ ሰሌዳ ወይም ብዙ ዲዮድ (ብርሃን አመንጪ ጥቃቅን ክፍሎች) የተደረደረበት መሣሪያ ከባለ አንድ ጫፍ መሣሪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ባለ አንድ ጫፉ ለቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወይም ለአንድ ጠጣር ቦታ ይሆናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከሚገባው በታች የሆነ መጠን አለ። በድምሩ 10 ሚሊ ዋት ብቻ የሚያመነጭ ብርሃን በዚያው 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ለ12 ደቂቃ እየተዟዟረ ቢበራ የሚሰጠው 7.2 ጁል ነው፤ ለስፋቱ ሲካፈል በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 0.01 ጁል ይወርዳል። ይህ ከተለመደው ክልል ዝቅተኛ ጫፍ 100 ጊዜ ያነሰ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ «ውጤት አላየሁም» የሚል ታካሚ ሕክምናው አልሠራልኝም ከማለቱ በፊት ሕክምናው ደርሶኛል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

ብዙ መስጠትም መፍትሔ አይደለም። የዚህ ብርሃን ጠባይ ትንሹ የማያነቃቃ፣ መካከለኛው የሚያነቃቃ፣ ብዙው የሚገታ ነው። ጠባሳ የሚሠሩት ሕዋሳት (ፋይብሮብላስት) በዝቅተኛ መጠን ቀይ ብርሃን ሲነቃቁ፣ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ300 ጁል በላይ ሲያገኙ ግን መራባታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ «ለመበርታት» ተብሎ ጊዜውን ሦስትና አራት እጥፍ ማስረዘም ጥቅሙን ሊያጠፋው ይችላል።

ለቤት አገልግሎት የሚሸጡ የኤልኢዲ ሰሌዳዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ሚሊ ዋትና ከዚያ በላይ የሚሉ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዱ የተለካው ለፀሐይ ብርሃን በተሠራ ርካሽ መለኪያ ነው፤ ያ መለኪያ ቀይ ኤልኢዲ ሲያይ ከእውነተኛው አብልጦ ያነባል። ሌላው ቁጥር ደግሞ የተወሰደው ከመስታወቱ አጠገብ ነው፤ ታካሚው ግን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቆማል፤ ርቀት ሲጨምር ብርሃኑ ይሰፋል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ቁጥሩ በየትኛው ርቀትና በምን ዓይነት መለኪያ እንደተገኘ ካልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠር።

ማስረጃው የት ድረስ ይሄዳል

ሌዘርና ሊፖሰክሽንን በሰፊው ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የኮሎምቢያዊው ሐኪም ሮድሪጎ ኔይራና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ከሰው የተወሰደ ስብን ባለ 635 ናኖ ሜትር፣ 10 ሚሊ ዋት ሌዘር ለ6 ደቂቃ ካበሩበት በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት፤ የስብ ሕዋሱ ሽፋን ላይ ጊዜያዊ ቀዳዳ ተከፍቶ ስቡ ወደ ውጭ እንደሚፈስ ዘገቡ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፦ ከቀዶው በፊት አብሩ፣ ስቡ ይለሰልሳል፣ ቱቦው በቀላሉ ይገባል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት፣ በአሳማና በሰው ላይ ሞክሮ የተባለውን የሕዋስ ሽፋን መከፈት አላገኘውም። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። «ሌዘሩ ስቡን ያፈሰዋል» የሚለውን እንደተረጋገጠ ነገር የሚናገር ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዟል።

ስለ ማገገም የተጠየቀው ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤርኮኒያ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ባለ 635 ናኖ ሜትር ሌዘር ለጭን፣ ለዳሌና ለሆድ ሊፖሰክሽን እንደ ተጨማሪ እርዳታ፣ ከማገገሙ ጋር የሚመጣውን ሕመም ለመቀነስ እንዲውል ለገበያ ፈቅዷል። ፈቃዱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ልብ ይባል። የሚናገረው ስለ ሕመም ነው። ቆዳ ያጠብቃል፣ ጠጣር ቦታ ያሟሟል፣ ቅርጽ ያስተካክላል አይልም። በተጨማሪም ይህ ዓይነቱ ፈቃድ መሣሪያው ቀደም ሲል ገበያ ላይ ካለ አቻው ጋር መሠረታዊ ተመሳሳይነት እንዳለው የሚገልጽ ነው፤ ለአዲስ መድኃኒት የሚጠየቀው ዓይነት ረጅምና ሰፊ ማረጋገጫ አያስፈልገውም።

በሊፖሰክሽን ላይ የተደረጉት ጥናቶች በቁጥር ጥቂት፣ በተሳታፊም አነስተኛ ናቸው። ሌላም ድክመት አለባቸው፦ ቀይ ብርሃን ይታያል። የሐሰት ሕክምና የተሰጠው ሰው ብርሃኑ እንዳልበራለት ካወቀ ስለ ሕመሙ የሚሰጠው መልስ ይዛባል። ጥሩ ጥናት ተመሳሳይ ቀለም ያለው፣ ጉልበት ግን የሌለው መብራት ይጠቀማል፤ ወይም ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሌላው ዘዴ የአንድን ሰው አንድ ጭን አክሞ ሌላውን መተው ነው፤ ሰው ከሰው የሚለይበት ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ለዚህ ጉዳይ በጣም ይስማማል።

ዘርፉ በጠቅላላው ባዶ ተስፋ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። የካንሰር ሕክምና በሚያስከትለው የአፍ ውስጥ ቁስለት ላይ ይህ ብርሃን እጅግ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ለመከላከያነት እንዲሰጥ ለተወሰኑ ሕሙማን ይመክራል። በዚያ መስክ የተሳካው ብርሃኑ የሚያርፍበት ሕብረ ሕዋስ ስስና ቅርብ ስለሆነ፣ መጠኑም በቁጥር ተጽፎ ስለተወሰነ ነው። ለሊፖሰክሽን የጎደለው ይኸው ነው።

መቼና እንዴት

ሊፖሰክሽን ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው የቆዳ ሐኪሙ ጄፍሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ነው፦ በአንድ ሊትር የጨው ውኃ ውስጥ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) እና 1 ሚሊ ግራም ያህል ኤፒነፍሪን (የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት) ተቀላቅሎ ስቡ ውስጥ ይነፋል። ሊዶኬይኑ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ ማደንዘዙ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በቀዶው ቀን ሌዘር ተሰጥቶ ታካሚው «ምንም አላመመኝም» ቢል ምስጋናው የሊዶኬይኑ ነው። የሌዘሩ ጥቅም መለካት የሚጀምረው ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ቀዳዳዎቹ ቀላ ያለ ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ ይህ የሚጠበቅና የሚፈለግ ነው። በዚህ ጊዜ የግፊት ልብሱን፣ ማለትም ከቀዶው በኋላ ሰውነትን አጥብቆ እንዲይዝ የሚለበሰውን፣ አውልቆ ለብርሃን ማጋለጥ ጥቅሙ ከችግሩ አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመቸው ፍሳሹ ከቆመ በኋላ፣ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ነው። እብጠቱ ወደ ጣሪያው የሚደርሰውም ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ2 እስከ 4 ሳምንት መስጠት የተለመደ ነው። መበለዙ በራሱ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ስለሚጠፋ በ5ኛው ሳምንት ለመበለዝ ተብሎ የሚሰጥ ሌዘር የሚያክመው ነገር የለውም።

ልብሱ ሲወልቅ የሚገጥመው አደጋ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰውነትን ለቀናት አጥብቆ የያዘ ልብስ በድንገት ሲለቀቅ ደም ወደ ታች ይወርዳል፤ ታካሚው ቆሞ ከሆነ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ልብሱ የሚፈታው ታካሚው ተኝቶ ነው፤ ሕክምናው ሲያልቅም እዚያው ተኝቶ እንዳለ ይለብሳል፣ ከዚያ እግሩን አውርዶ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ይነሳል። አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። በልብሱ ላይ አድርጎ ማብራት ግን መፍትሔ አይደለም። ወፍራሙ ጨርቅና ከሥሩ የሚደረገው ስፖንጅ ብርሃኑን ያስቀሩታል።

ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ከቀዶው በፊት በቀለም የተሰመረው ምልክት ብርሃን ስለሚውጥ በተቻለ መጠን ይታጠብ፤ ቅባትና ክሬምም ይጠረግ። ንቅሳት ካለም ይሸፈናል፤ ቀለሙ ብርሃኑን ሰብስቦ ሊሞቅ ይችላል። ቆዳ የሚነካ ጫፍ ያለው መሣሪያ በንጹሕ ግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከታካሚ ታካሚም በፀረ ተሕዋስያን ተጠርጎ መሥራት አለበት። ያልተዘጋ ቀዳዳ ግን አይነካም፤ ከላይ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይበራል። ጫፉን ገፋ አድርጎ መያዝ ደሙን ወደ ጎን ስለሚያሸሽ ብርሃኑ ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ያግዛል፤ በ3ኛው ቀን በበለዘ ሆድ ላይ ግን ይህን የሚችል ሰው የለም፣ ማድረግም አይገባም።

የበለዘ ቦታ ሌላም ጣጣ አለው። ከሥሩ የተጠራቀመው የደም ቀለም ቀይ ብርሃንን በከፊል ይውጣል። ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊ በሆነበት ጊዜ ከሥር የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ሲቀየር መንገዱ ይከፈታል። የቆዳው የራሱ ቀለም፣ ሜላኒን፣ እንዲሁ ያደርጋል፤ ለጠቆረ ቆዳ ከ635 ወይም 660 ይልቅ ከ810 እስከ 850 ናኖ ሜትር ያለው የተሻለ ያልፋል። በደካማ መሣሪያ ይህ የጥልቀት ጉዳይ ብቻ ነው። ከ500 ሚሊ ዋት በላይ በሆነው፣ ምድብ 4 በሚባለው ሌዘር ሲሆን ግን የሙቀት ጉዳይ ይሆናል፤ ጫፉ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጠቆር ያለውን ቆዳ ያቃጥላል።

በዚህ ላይ የቆዳው መደንዘዝ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ከሊፖሰክሽን በኋላ ቆዳው ለሳምንታት ሙቀትን በትክክል አይሰማም። «ሲያቃጥልህ ንገረኝ» የሚለው የተለመደ መከላከያ እዚህ አይሠራም፤ የሚነግር ነርቭ የለም። ባለሙያው በራሱ እጅ እየዳሰሰ ቆዳው ከመጠን በላይ አለመሞቁን ማረጋገጥ አለበት። ቤት ውስጥ የሚሞቅ ሰሌዳ ሆዱ ላይ አስተኝቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓይን ለብቻው ይነሳ። ለዚህ ሕክምና የሚውሉት ሌዘሮች አብዛኞቹ ምድብ 3ለ የሚባሉት፣ ከ5 እስከ 500 ሚሊ ዋት ያሉ ናቸው፤ በቀጥታ ከታዩ የዓይን መጋረጃን ይጎዳሉ። የማይታየው ጨረር ደግሞ ዓይን እንዲጨፈን ስለማያስገድድ የባሰ ነው። ታካሚውም ባለሙያውም ለዚያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ያድርጉ፤ ለ660 የተሠራ መነጽር ከ810 አይከላከልም። የፀሐይ መነጽርማ ጨርሶ አይቆጠርም።

ብርሃኑ ካንሰር ባለበት ወይም በሚጠረጠርበት ቦታ ላይ፣ በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ ፖርፊሪያ (ቆዳን ለብርሃን ተጋላጭ ሊያደርግ የሚችል በሽታ) ላለበት ወይም በብርሃን የሚነቃ የካንሰር መድኃኒት ለወሰደ ሰው አይሰጥም። ከቀዶ በኋላ የሚታዘዙ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮች ሲወሰዱ ከፀሐይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ከፀሐይ ከሚመጣው አልትራቫዮሌት የተነሳ ነው፤ በቀይ ብርሃን ላይ ያላቸው ስጋት አነስተኛ ቢሆንም የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ አስቀድሞ ለባለሙያው ይነገር።

ሌዘር የማይተካቸው

የግፊት ልብሱ ከ3 እስከ 6 ሳምንት መለበስ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጊዜው ተነስቶ መራመድ፣ ውኃ መጠጣት፣ ማጨስ ማቆም፤ የማገገሙን አብዛኛ ክፍል የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። መራመዱ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል፤ ሌዘር ይህን አያደርግም። ለሌዘር ቀጠሮ ተብሎ በየሁለት ቀኑ ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ መመላለስ ደግሞ ከሚሰጠው የበለጠ ሊነሳ ይችላል።

ከቆዳ ሥር ውኃ ተጠራቅሞ እንደ ማዕበል የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሴሮማ ነው። ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል፤ ሊደጋገምም ይችላል። ብርሃን አያደርቀውም። ወጣ ገባ የሆነ ቅርጽ፣ ማለትም አንዱ ቦታ ብዙ ተመጥጦ ሌላው የቀረ ከሆነ፣ በ6 ወር የሚታይና አስፈላጊ ሲሆን በቀዶ የሚስተካከል እንጂ በብርሃን የሚሞላ አይደለም። ከ2ኛው ሳምንት በኋላ የሚሰማው ጠጣር ነገር ግን ብዙ ጊዜ የመዳን ሂደት ነው፤ በለሆሳስ ማሸትና ጊዜ ያለሰልሱታል፤ ሌዘር ቢጨመር ላይጎዳ ይችላል፣ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለውም።

ከሁሉ የከፋው ሌዘሩ ሐኪም የማየትን ቦታ ሲወስድ ነው። የሚከተሉት ሲታዩ መሣሪያው ይጠፋና ታካሚው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሄዳል፦ አንድ ባት ብቻ አብጦ ሲያም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፤ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን ግራ መጋባትና ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ሲታዩ፤ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ፤ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም ከግራጫማ ወይም ወይን ጠጅ ቆዳ ጋር ሲመጣ፤ ሆድ እንደ እንጨት ሲደርቅ። በመጀመሪያው ቀን ከአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የብረት ጣዕምና የጆሮ ጩኸት ከመጡ የሊዶኬይን መመረዝ ሊሆን ይችላል። በቀላና በሚሞቅ፣ እየሰፋ በሚሄድ ቆዳ ላይም ሌዘር አይበራም፤ ይህ ብርሃን ባክቴሪያ አይገድልም፣ ጊዜ ግን ያባክናል።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት

ለክሊኒኩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አጭር ናቸው። የሞገድ ርዝመቱ ስንት ናኖ ሜትር ነው? የሚወጣው ኃይል ስንት ሚሊ ዋት ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በመለኪያ የተረጋገጠውስ መቼ ነው? ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል? በየቦታው ስንት ሰከንድ ይቆያል? እነዚህ አራት ቁጥሮች ከተገኙ ጁሉን ታካሚው ራሱ ያሰላዋል። ዲዮዶች ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ይደክማሉ፤ ስለዚህ የልኬቱ ቀን ከመሣሪያው ስም ይበልጥ ይጠቅማል።

ውጤቱም ይለካ። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ተመዝኖ፣ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ ብዛት ተቆጥሮ፣ ዙሪያው በመለኪያ ገመድ ተለክቶ ይጻፍ። ገመዱ ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ላይ፣ ለምሳሌ ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይዙር። እብጠት ያለ ምንም ሌዘርም ስለሚወርድ የገመዱ ቁጥር ብቻውን አያሳምንም። ሁለት ጭን የተሠራለት ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ለመጀመሪያዎቹ 4 ክፍለ ጊዜዎች አንዱን ጭን ብቻ ሊያስበራ ይችላል። በ4ኛው ላይ በሁለቱ መካከል በሕመምም፣ በቀለምም፣ በልኬትም ልዩነት ካልታየ ቀሪዎቹ ቀጠሮዎች ይሰረዙ።